የመምሬ ሀብተማርያም መሐረብ

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ አራት ዓመተ ምሕረት፣ ሐምሌ በገባ በሦስተኛው ቀን፣ ኮልፌ አሥራ ስምንት ማዞሪያ ላይ የወረደው ዝናብ ጃንጥላ የያዘውንም ያልያዘውንም እኩል አሯሯጠው። መምሬ ሀብተማርያም ከጦር ኃይሎች በመጣው አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ወርደው፣ ጋቢያቸውን በጥምጥማቸው ላይ ጣል አድርገው፣ ከአንድ የተዘጋ ሱቅ ታዛ ሥር ገቡ። ግራ ቀኝ አዩ። ሰው የለም። ከቀሚሳቸው ኪስ ነጭ መሐረብ አወጡና እንትፍ አሉበት፤ ከዚያም የተፉትን ለማየት ገለጥ አደረጉት። ቀይ ነው። ትናንትም ቀይ ነበር፤ ከፋሲካ ወዲህ ቀይ ያልሆነበትን ቀን አያስታውሱም።

«እንደምን ዋሉ መምሬ?»

መሐረቡን እጃቸው ውስጥ ጨብጠው ዞሩ። የተናገረችው ዘመነች ናት፤ ከሳቸው ቤት ጋር በአንድ የጭቃ ግድግዳ የምትዋሰን፣ ሃያ ስድስት ዓመት የሚሆናት፣ በአንድ ጤና ጣቢያ የጥርስ ክፍል ውስጥ የምትሠራ ጎረቤታቸው። በልማድ መስቀላቸውን ሊያወጡ እጃቸው ወደ ኪሳቸው ሄዶ ነበር፤ ጴንጤ መሆኗን አስታወሱና መለሱት። እሷም ከወገቧ ዝቅ ብላ እጅ ነሣች። ሁለቱ የሚኖሩት እንዲህ ነው፤ ተከባብረው፣ ትንሽ ራቅ ብለው። መምሬ አንዳንድ ቀን በግድግዳው በኩል የታፈነ ዝማሬ ይሰማሉ። ጊዜው የጴንጤ ጸሎት ቤት የታሸገበት፣ በየቤቱ ተሰብስቦ ሲዘምር የተገኘ የሚታሰርበት ጊዜ ነበርና ለማንም ተንፍሰው አያውቁም።

«ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ፤ አፋቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ከለል አድርገው።

«መሐረቡን አየሁት መምሬ። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እያየሁ እንዳላየ ማለፍ አልሆነልኝም። ያስልዎታል?»

ለሦስት ወር የፈሩት ጥያቄ ይኸው መጣ። ታናሽ ወንድማቸው መኳንንት ጎጃም ውስጥ አንድ ክረምት ሙሉ ደም ሲተፋ ከርሞ ነው የሞተው። የሳንባ ነቀርሳ ነበር። መምሬ ሌሊት ሌሊት ባነኑ ቁጥር የመኳንንት ሳል ጆሯቸው ላይ ይደውላል።

«አላስልም» አሉ።

«ማታ ማታ ያልብዎታል? ሰውነትዎ ቀንሷል?»

«ኧረ ምንም። ሰውነቴም ያው ነው።»

«እንግዲያው ደሙ መቼ ነው የሚወጣ?»

መምሬ ዝናቡን ማየት ጀመሩ። ለሚስታቸው ለወይዘሮ ወለተጻድቅ ያልነገሩትን፣ ለደብሩ አለቃ የደበቁትን፣ ለዚህች ልጅ እንዴት ይናገሩ? ግን ፍርሃት ሲከርም ይከብዳል፤ ሰው አንድ ቀን ያገኘው ሰው ላይ ያራግፈዋል። «ዳቦ ስገምጥ» አሉ ቀስ ብለው። «ጠዋት ስነሣ ደግሞ ትራሴ ላይ አገኘዋለሁ። በፊት መፋቂያ ስፍቅበት ነበር የሚመጣ። መፋቂያውንማ ከፋሲካ ወዲህ ትቼዋለሁ።»

«ተዉት? ለምን?»

«ለምን ትላለች እንዴ! ደም ሲያመጣብኝ ነዋ። ልጄ፣ አንቺ ይህን አታውቂውም፤ ደም የሚፈሰው ካህን መቅደስ ገብቶ ቅዱስ ቁርባን አይነካም። ቀድሶ ደግሞ ሳይቆርብ የሚቀር የለም። ስለዚህ በተረኛነቴ ሳምንት ደም እንዳይመጣ ብዬ መፋቂያውን ተውኩ። ጭራሽ ባሰብኝ። አንድ ጊዜ ጉልበቴን አመመኝ አልኩ፣ አንድ ጊዜ ራሴን አልኩ፤ ሦስት ወር ሙሉ ከመቅደሱ በር እየተመለስኩ ውጭ ቆሜ አስቀድሳለሁ።» ጋቢያቸውን ሳብ አደረጉ። «ሠላሳ ዓመት ያገለገልኩበት ቤት ነው።»

ዘመነች ያለችው ነገር መምሬን አስደነገጣቸው።

«መምሬ፣ ደሙን ያመጣው መፋቂያው አይደለም። ያባሰው መፋቂያውን መተውዎ ነው።»

ይህ አባባል ለመምሬ ጆሮ የተገላቢጦሽ ነበር። የሚደማን ቁስል ማን ይፈገፍጋል? እጅ ቢቆረጥ ይታሰራል እንጂ አይታሽም። ይህንኑ ነገሯት፤ ቆጣም አሉ። እሷ ግን ነገ ጤና ጣቢያ እንዲመጡ፣ አፋቸውን እንድታየው ለመነቻቸው። መምሬ አፋቸውን ለዚህች ልጅ መክፈት ሞት መስሎ ታያቸው። ሽታው አለ። በዚያው ሰሞን አንዲት የንስሐ ልጃቸው መስቀል ስትሳለም ፊቷን ዞር ስታደርግ አይተዋል፤ ከዚያ ወዲህ ነው አፋቸውን በጋቢ መሸፈን የጀመሩት።

«አስቤበት» ብለው ዝናቡ ሳያባራ ጭቃውን እየረገጡ ሄዱ።

ቤት ሲደርሱ ግን ሌላ ወሬ ጠበቃቸው። አለቃው መልእክት ልከዋል። ነሐሴ አንድ ቀን ፍልሰታ ይገባል፤ በየቀኑ ቅዳሴ አለ። ለመጀመሪያው ሳምንት ከተመደቡት ሁለት ቄሶች አንዱ ታመው ተኝተዋል። ያለ ሁለት ቄስ ደግሞ ቅዳሴ አይቆምም። ስለዚህ መምሬ ሀብተማርያም ይግቡ፣ በጉልበት ማመካኘት ዘንድሮ አይሠራም፤ መልእክቱ ይኸው ነው።

እራት ቀረበ። መምሬ ከዳቦው ገመጥ ሲያደርጉ ከላይ በግራ በኩል ያለው ጥርሳቸው እንደ ላላ የበር ማጠፊያ ተንቀሳቀሰ። ማኘክ አቆሙ። ወይዘሮ ወለተጻድቅ ደግሞ ዳቦአቸውን ወጥ ውስጥ እያራሱ አንገታቸውን ደፍተው ይበላሉ።

«መምሬ» አሉ ወይዘሮ ወለተጻድቅ ቀና ሳይሉ፤ «መሐረብዎን ከመቼ ወዲህ ነው ራስዎ የሚያጥቡት?»

መምሬ የቀረውን ዳቦ መልሰው አኖሩ። ለአለቃው እምቢ ቢሉ ምክንያቱ ይጠየቃል፤ ምክንያቱ ከታወቀ ሰፈሩ ሁሉ ነቀርሳ ይዟቸዋል ይላል፤ እሺ ብለው ቢገቡ ደግሞ ደም በአፋቸው ይዘው መሥዋዕቱ ፊት ሊቆሙ ነው። በማግስቱ ጠዋት ዘመነች ወደ ሥራ ስትወጣ በሩ ላይ ቆመው ጠበቋት።

ዘመነች ወደ መምሬ ቤት ገብታ እጇን በሳሙና ታጠበች፤ መምሬን በሩ አጠገብ ብርሃን ላይ አስቀመጠቻቸው። አፋቸውን ካየች በኋላ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን መስታወት አውርዳ እጃቸው ላይ አኖረች።

«እዚህ ጋ ይመልከቱ። ድድዎ ከጥርሱ ጋር የሚገናኝበት ቀልቷል፣ አብጧል። ጤነኛ ድድ ጥርሱን ጥብቅ አድርጎ ይይዛል እንጂ እንዲህ አይነፋም። አሁን ደግሞ ጥርሱ ሥር ይህን ቢጫ ነገር ያዩታል?»

«ጥርሴ ነዋ።»

«ጥርስዎ አይደለም። ማንቆርቆሪያ ውስጥ ውኃ ሲፈላ ሲፈላ የሚጋገረውን ነጭ ነገር ያውቁታል? እንደዚያ የተጋገረ ቆሻሻ ነው። ከምንበላው የሚቀረው ነገርና አፍ ውስጥ የሚራባው ጀርም አንድ ላይ ሆኖ ጥርስ ላይ ይለጠፋል። መጀመሪያ ላይ ለስላሳ ነው፣ በመፋቂያ ይለቃል። ሲተውት ግን ይደርቃል፣ ድንጋይ ይሆናል። ያን ጊዜ መፋቂያም አያነሣው።»

«ታዲያ ቆሻሻው ጥርስ ላይ ከሆነ ድዱን ምን አስደማው?»

«ጀርሙ መርዝ አለው። ድድ በዚህ ይቆጣል፣ ያብጣል፣ ትንሽ ሲነካ ይደማል። ያን ጊዜ ቢያጸዱት ይድናል። ዝም ካሉት ድዱ ከጥርሱ እየለቀቀ ኪስ ይሠራል፤ ቆሻሻው ኪሱ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ ጥርሱን የያዘውን አጥንት ይበላዋል። አጥንቱ ካለቀ ምንም ያልተቦረቦረ ደኅና ጥርስ እንኳ ይነቃነቅና ይወድቃል።»

መምሬ መስታወቱን ዝቅ አደረጉት። የላላው ጥርስ ትዝ አላቸው። «እኔ እርጅና ነው ብዬ። አባቴም በስድሳ ዓመታቸው አንድ ጥርስ አልነበራቸውም፤ የሰው ወጉ ነው ብለን ዝም።»

«የአባትዎም ይኸው በሽታ ሊሆን ይችላል። እድሜ ብቻውን ጥርስ አይጥልም፤ ብዙ ዓመት ሳይጸዳ የቆየው ነው የሚጥለው። ክፋቱ ደግሞ አያምም። የተቦረቦረ ጥርስ ያስጮሃል፣ ሰው ሮጦ ይመጣል። ይኼ ዝም ብሎ ነው ሥሩን የሚጨርስ። ምልክቱ የመሐረብዎ ደም፣ ጠዋት ጠዋት የአፍ ጠረን፣ እንደ ረዘመ ሆኖ የሚታይ ጥርስ ነው።»

ጠረን ስትል መምሬ ፊታቸውን ዞር አደረጉ። ዘመነች ግን ስለ ትኩሳት እንደምታወራ ሁሉ ቀለል አድርጋ ስለ ነበር የተናገረችው፣ ሀፍረታቸው ብዙ አልቆየም።

ወይዘሮ ወለተጻድቅ ከጓዳው በር ቆመው ይሰማሉ። «ሰው የሚለው ግን ሌላ ነው» አሉ። «የላይኛው ጥርስ ከተነካ ዓይን ይጠፋል ይላሉ። ደም የሚያወጣ ድድ ደግሞ ይነቀሳል፤ ያገሬ ሴት ሁሉ ጥላሸት በመርፌ አስወግታ ነው የምታጠነክረው።»

«እሜቴ፣ ዓይን ሌላ ጥርስ ሌላ። ስንት የላይ ጥርስ ሲነቀል አይቻለሁ፣ አንድ ዓይን ሲጠፋ አላየሁም። ንቅሳቱ ደግሞ ድዱን ያጠቁረዋል እንጂ ቆሻሻውን አያነሣውም። መቅላቱ አይታይም፣ ሥሩ ግን መበላቱን አያቆምም። ያ መርፌ ከአንዷ አፍ ወደ አንዷ አፍ ሲዞር የሚያመጣው በሽታ ደግሞ ለብቻው ነው።»

ወይዘሮ ወለተጻድቅ ከንፈራቸውን ገጠም አድርገው ወደ ጓዳ ተመለሱ። መምሬ ያኔ ልብ አላሉትም፤ ልባቸው ያለው ሌላ ቦታ ነው።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አሉ። «እሺ፣ ላጽዳው። ታዲያ ስታጸጂው አይደማም?»

«ይደማል። መጀመሪያ ቀን ይደማል፣ ጥቂት ቀንም ይቀጥል ይሆናል። በየቀኑ በዝግታ ካጸዱት ግን በሁለት ሳምንት ውስጥ ይቆማል። ለቅዳሴው ሃያ ስድስት ቀን አለዎት።»

«ከቆመስ ደስ ይለኛል። ካልቆመስ?»

«ካልቆመማ ሌላ ምክንያት እንፈልጋለን። ስኳር ያለበት ሰው ድዱ ቶሎ ይታመማል፤ ሽንትዎን እናስመረምራለን። የሳንባውም ነገር እንዲወጣልዎ አክታዎን እናሳይ። ዝም ብሎ ከመፍራት አውቆ መፍራት ይሻላል፤ ያወቁትን ቢያንስ ያክሙታል።»

መምሬ ወደ ጤና ጣቢያው ሄዱ። ከወንበሩ ላይ ተቀምጠው ብረቱ ጥርሳቸውን ሲፍቅ እየሰሙ ውዳሴ ማርያም በልባቸው ደገሙ። ላብ አጠመቃቸው። ሐኪሙ ያነሣውን ድንጋይ ጥጥ ላይ አድርጎ ሲያሳያቸው፣ ይህን ሁሉ አፋቸው ውስጥ ተሸክመው ወንጌል ሲያነቡ መኖራቸው አሳዘናቸው። የአክታውም የሽንቱም ውጤት ንጹሕ ሆነ። የመኳንንት ሳል ከጆሯቸው የራቀው ያን ቀን ነው። ዘመነች ማድረግ ያለባቸውን ነገረቻቸው፤ ጠዋትና ከእራት በኋላ በብሩሽ፣ ብሩሽ ካልተገኘ በለጋ የወይራ መፋቂያ፣ ጫፉን አኝኮ እስኪለሰልስ ድረስ፣ ከድዱ ወደ ጥርሱ ጫፍ፤ ከዚያ ለብ ባለ የጨው ውኃ መጉመጥመጥ።

«የቅዳሴ ዋዜማስ?» አሏት። «ከምሽት በኋላ ውኃ በአፌ አይገባም።»

«ሥርዓቱን እርስዎ ነዎት የሚያውቁት፣ እኔ አልገባበትም። ከእራት በኋላ፣ ጾሙ ሳይጀምር በደንብ ያጽዱት። ጠዋት የሚቀረውን ከቅዳሴ በኋላ ይጨምሩታል። የሚበላሸው አንድ ጠዋት በማለፉ አይደለም፤ ሦስት ወር በማለፉ ነው።»

እዚህ ላይ ስለ መምሬ እውነቱን መናገር አለብኝ። ደግ ሰው ናቸው፣ ግን ድርቅ ያሉ ናቸው። ሐኪም ቤት የተባሉትን ሁሉ እሺ ብለው ቤት ሲደርሱ ፍርሃታቸው ተመልሶ መጣ። መፋቂያው ዳግም ቢያስደማቸውስ? ቀኑ ደግሞ እየቀረበ ነው። በመጨረሻ ማንም ያላዘዘውን አደረጉ፤ የቀኙን በኩል እየፋቁ ግራውን ተዉት። ልጅቱ ካሳሳተቻቸው ግማሹ አፋቸው እንኳ ይተርፋል። ለማንም አልተናገሩም፤ ዘመነች በየቀኑ «እንዴት ነው?» ስትላቸው «እንዳልሽኝ እያደረግሁ ነው» ይላሉ። ቄስ ዋሸ ብዬ ብጽፍ ደስ አይለኝም፤ ግን ዋሹ።

ሐምሌ አሥራ ሰባት ቀን ጠዋት ሁለት መሐረብ ያዙ። ቀኝ ድዳቸውን በአንዱ ጫን ብለው አበሱት፤ ነጭ ሆኖ ወጣ። ግራውን በሌላው አበሱት፤ ደም። መምሬ ሁለቱን ጨርቅ ጭናቸው ላይ ዘርግተው ብዙ ጊዜ ተቀመጡ። የገዛ አፋቸው መሰከረባቸው። ከዚያ ዘመነች ቤት ሄደው ጨርቆቹን አሳዩዋት።

ዘመነች መጀመሪያ አልገባትም፤ ሲገባት ፊቷ ተለወጠ። «መምሬ፣ ግማሽ አፍ ነው የሰጡኝ? ያ ግራ ጥርስ እኮ በቋፍ ላይ ነበር።»

«አጥፍቻለሁ፣ ልጄ። ፈርቼ ነው።»

«እኔስ የማልፈራ ይመስልዎታል?» አለች፤ ዓይኗ ዝማሬው ወደሚሾልክበት የጋራ ግድግዳ ሄዶ ተመለሰ። «ከፍርሃት የተነሣ የሚጠቅመንን ከተውን ግን የፈራነው ቶሎ ይመጣል።»

ወዲያው ጤና ጣቢያ ወሰደቻቸው። የላላው ጥርስ አልተረፈም፤ ሐኪሙ በሁለት ጣት ነቀለው ማለት ይቻላል፣ ሥሩ ምንም የያዘው አጥንት አልነበረውም። «የተበላው አጥንት አይመለስም» አላቸው ሐኪሙ፤ «የቀሩት ግን በእጅዎ ናቸው።» መምሬ ጥርሱን በወረቀት ጠቅልለው ቤት ወሰዱት። ከዚያ ቀን በኋላ ግራም ቀኝም ሳይሉ ሙሉ አፋቸውን አጸዱ። የተነቀለው ቦታ በሳምንት ገጠመ። ቢሆንም በየማለዳው መሐረቡን ይገልጣሉ፤ አንድ ቀን ነጭ፣ አንድ ቀን ጭረት የምታህል ቀይ፣ ከዚያ ነጭ፣ ነጭ።

ነሐሴ አንድ ቀን፣ የመቅደሱ መጋረጃ አጠገብ፣ ልብሰ ተክህኖ ከመልበሳቸው በፊት ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው መሐረቡን አወጡ። እንትፍ አሉ። ገለጡት። ነጭ ነው። አጥፈው ኪሳቸው ከተቱትና ከሦስት ወር በኋላ መቅደስ ገቡ።

ቅዳሴው ሲያልቅ፣ ሕዝቡ ለስንብት እንደ ቆመ፣ መምሬ አፋቸውን ሳይሸፍኑ እንዲህ አሉ።

«ልጆቼ፣ ሦስት ወር ጉልበቴን አመመኝ ስላችሁ ዋሽቻችኋለሁ። ድዴ ይደማ ነበር። አፍሬ ደበቅሁት፤ ደበቅሁትና ጥርሴን በላው። ድዳችሁ የሚደማ ካላችሁ እንደ እኔ መፋቂያችሁን አትጣሉ። በዝግታ አጽዱት፣ ከእራት በኋላ ሳታጸዱ አትተኙ፣ የአንዱን መፋቂያ አንዱ አይዋስ። ቀልቶ ያበጠ፣ የሚነቃነቅ ካለ ለሐኪም አሳዩት። እኔ አንድ ጥርስ ከፍዬ የተማርኩትን እናንተ በነጻ ውሰዱት። አፌ ሸቶ ከመስቀሌ ፊታችሁን ስታዞሩ አይቻለሁ፤ ዛሬ ቀርባችሁ ተሳለሙ። ቆሎ አኝካለሁ፣ እንቅልፍ እተኛለሁ፣ ሰው ሳናግር አፌን አልሸፍንም። ከዚህ በላይ ምን ልንገራችሁ?»

ሕዝቡ ውስጥ ስንቱ ሰው ምላሱን ወደ ድዱ እንደ ላከ እግዚአብሔር ይወቀው።

ቤት ሲገቡ ወይዘሮ ወለተጻድቅ የተቀቀለ ሽምብራ አቅርበው አገኟቸው። ለመምሬ ዘገኑላቸው፤ ራሳቸው ግን አንዲት ፍሬ አልነኩም። መምሬ ትኩር ብለው አዩዋቸው። ዳቦ በወጥ እያራሱ መብላታቸው፣ ከጓዳ በር ከንፈር ገጥመው መመለሳቸው፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ መጣባቸው።

«ወለተጻድቅ፣ ለምን አትበዪም?»

ወይዘሮ ወለተጻድቅ ተነሥተው ከአልጋው ትራስ ሥር የተጠቀለለ ነጠላ ቅዳጅ አወጡና ሽምብራው አጠገብ አኖሩት። ጨርቁ ላይ የደረቀ ደም አለ።

«ከእርስዎ ቀድሞ ነው የጀመረኝ» አሉ። «ከእኔ የተጋባብዎ መስሎኝ መናገር ፈራሁ።»

ሁለት ሰው በአንድ አልጋ ላይ፣ አንዱ ከአንዱ ደም ሲደብቅ ከርሞ። መምሬ እንባቸው መጣ። ጊዜ አላጠፉም፤ ከግድግዳው በኩል የታፈነው ዝማሬ ይሰማል፤ ሄደው በጣታቸው ግድግዳውን ቆረቆሩ። ዝማሬው ወዲያው ጸጥ አለ። ከወዲያ በኩል ትንፋሽ እንኳ አይሰማም።

«ዘመነች፣ ልጄ፣ አትፍሪ፣ እኔ ነኝ» አሉ መምሬ አፋቸውን ወደ ግድግዳው አስጠግተው። «ስትጨርሱ ብቅ በይ። መስታወቱን አውርጄ እጠብቅሻለሁ።»